ከፍሳሽ የሚሠራ ፕላስቲክ፦ ፍሳሹ በነፃ ከሆነ ፕላስቲኩ ለምን ተወደደ?

ላስቲክ_ቤት (ክሩን የጀመረው) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

19 ዓመት ሙሉ ፌስታል ሳመርት ነው የኖርኩት። ቤቷ ትንሽ ናት። ሁለት ማሽን፣ ዘጠኝ ሠራተኛ። በ2017 ዓ.ም. የፌስታል ክልከላው አዋጅ ከወጣ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አዋጁ ላይ ቂም አልያዝኩም። ክረምት በመጣ ቁጥር የሰፈራችን ቱቦ በምን እንደሚደፈን አውቃለሁ። የሚያስጨንቀኝ ማሽኖቹንና ልጆቹን ምን ላድርጋቸው የሚለው ነው።

ዓምና አንድ አስመጪ «ይሄ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል» ብሎ ጥሬ ዕቃ ሸጠልኝ። ከተለመደው የሚወደደው በጥቂት ብር ነው። ሠርቼ ግማሹን ጓሮ ቀበርኩት፣ ግማሹን ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። ከስምንት ወር በኋላ የጣሪያው እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረፈረ። የተቀበረው እንደነበረ ነው። ፍርፋሪውን መዳፌ ላይ አድርጌ ሳየው ያው ላስቲክ ነው። አነሰ እንጂ አልበሰበሰም። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ለደንበኞቼ «ይበሰብሳል» ብዬ ሸጬላቸዋለሁ።

አሁን ደግሞ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ፕላስቲክ ይሠራል የሚል ቪዲዮ አየሁ። ባክቴሪያ ፍሳሹን በልቶ ፕላስቲክ ያመርታል ይላል። እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ ፍሳሽ የሚከፈልበት ነገር አይደለም። ታዲያ ለምን ርካሽ አልሆነም?

---

መምህርት_ጣና · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው፤ ከዓምናው ዕቃ ልጀምር።

የሸጡልዎት በገለጹት መሠረት «ኦክሶ» የሚባለው ዓይነት ይመስላል። ያው የተራው ፌስታል ፕላስቲክ፣ ፖሊኢትሊን ነው። ውስጡ የማንጋኒዝ ወይም የኮባልት ጨው ይጨመርበታል፤ ፀሐይና አየር ሲያገኝ የፕላስቲኩ የሞለኪውል ሰንሰለት ይቆራረጣል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ተፈረፈረ፣ ጓሮ ውስጥ ምንም አልሆነም። ፍርፋሪው አፈር ውስጥና ውኃ ውስጥ ይቀራል፤ ከብትም ዓሣም ይበላዋል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነት ዕቃ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከገበያ አግዶታል። እርስዎ ደንበኛዎን አላታለሉም። እርስዎ ራስዎ ነዎት የተታለሉት።

ቪዲዮው ላይ ያዩት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እውነትም ነው። ፒኤችኤ ይባላል። ፈረንሳዊው ሞሪስ ለምዋኝ በፓስተር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው ያገኘው። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች ምግብ ሲተርፋቸው ሰውነታቸው ውስጥ በጥቃቅን እንክብል መልክ ያከማቹታል። ምግብ ሲጠፋ መልሰው ይበሉታል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ባክቴሪያ የሠራው ስለሆነ ባክቴሪያ ያፈርሰዋል። አፈር ውስጥም፣ ባሕር ውስጥም። ብርድ ባለበት ቦታ ቀስ ይላል፤ ግን ይበላል።

የዋጋውን ነገር እጁ ውስጥ ላለበት ሰው ልተወው። @ከሮተርዳም እዚህ አለህ?

---

ከሮተርዳም · ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡40

አለሁ። መምህርት ስለጠራሽኝ አመሰግናለሁ።

ጋሼ፣ ዴልፍት ለማስተርስ መጥቼ እዚሁ ሆላንድ ቀረሁ። አሁን የምሠራው ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ካልገባን ዋጋውም አይገባንም፤ ስለዚህ ትንሽ ይታገሱኝ።

ሦስት ጋን አስቡ። የመጀመሪያው ጠላ እንደተጠነሰሰበት ጋን ነው፤ አየር አይገባውም። ፍሳሹ ውስጥ ያለው ስኳርና ቅባት እዚያ ይብላላና አሲድ ይሆናል። ከአሲዶቹ ዋነኛው አቼቶ ውስጥ ያለው ነው። ሁለተኛው ጋን መምረጫ ነው። አየር ይነፋለታል። ባክቴሪያዎቹ ለአጭር ጊዜ ጠግበው ይበላሉ፣ ከዚያ ለብዙ ሰዓት ይራባሉ። ጥጋብና ረሃብ ሲፈራረቅ፣ በጥጋቡ ሰዓት ያላከማቸ አይዘልቅም። ጎተራ ያለው ብቻ ይተርፋል። ያ ጎተራ ፕላስቲኩ ነው፤ የግመል ሻኛ በሉት። ሦስተኛው ጋን ማድለቢያ ነው። የተመረጡት ባክቴሪያዎች አሲዱን እስኪበቃቸው ይጠጣሉ፤ ናይትሮጂን ግን ይቆጠብባቸዋል። እንዳይባዙ ነው፣ እንዲሰቡ ብቻ።

ዴልፍት ላይ በዚህ መንገድ የተገኘ አንድ ባክቴሪያ አለ፤ ፕላስቲሲኩሙላንስ አሲዲቮራንስ ይባላል። በስምንት ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደረቅ ክብደቱ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ፕላስቲክ ይሆናል። ያ ግን ቤተ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቬግኸል ከተማ፣ የማርስ ቸኮሌት ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ሲሞከር 70 በመቶ ገደማ ተገኘ። ከ2015 እስከ 2017 ደግሞ ፋሪዮ የሚባል ፕሮጀክት ባት በሚባለው የማጣሪያ ጣቢያ የከተማ ዝቃጭ (ፍሳሹ ሲጣራ የሚዘቅጠው) ላይ ሠርቷል። የከተማ ዝቃጭ 40 በመቶ አካባቢ ነው የሚደርሰው። ምክንያቱም ዝቃጩ ውስጥ ጎተራ የሌላቸው ባክቴሪያዎችም ብዙ ናቸው፤ ፀጉሩም፣ አሸዋውም፣ የወረቀቱ ጭረትም አብሮ አለ። ሰንጋውን ከነግርግሙ እንደመመዘን ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ይሄንኑ ፕላስቲክ ከስኳር የሚሠሩት ለ1 ኪሎ ምርት 3 ኪሎ ገደማ ስኳር ያወጣሉ። ጥሬ ዕቃው ብቻ ከጠቅላላ ወጪያቸው እስከ ግማሽ ይደርሳል። ጋኑንም ቱቦውንም በእንፋሎት ማምከን አለባቸው፤ አንድ ባዕድ ባክቴሪያ ከገባ ምርቱ ይበላሻል። ፍሳሽ እነዚህን ሁለቱንም ያስቀራል። ማንም ባክቴሪያ ቢገባ ረሃቡ ያስወግደዋል። እስከዚህ ድረስ ግምትዎ ትክክል ነው።

ችግሩ ፍሳሽ ቀጭን መሆኑ ነው። እኛ ውስጡ ያለውን ምግብ የምንለካው ለማቃጠል በሚፈልገው ኦክስጅን ነው። 1 ኪሎ ፒኤችኤ 1.67 ኪሎ ኦክስጅን የሚያህል ምግብ በውስጡ ይዟል። የከተማ ፍሳሽ በአንድ ሜትር ኪዩብ ግማሽ ኪሎ ያህል ቢይዝ፣ ምንም ሳይባክን እንኳ ለ1 ኪሎ ፕላስቲክ ከ3 ሜትር ኪዩብ በላይ ያስፈልጋል። በተግባር ደግሞ በየጋኑ ይባክናል፤ ባክቴሪያውም ለመኖር ይበላል። ስለዚህ የዚያን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ያንን ሁሉ ውኃ ነው የምትገፉት፣ አየር የምትነፉለት፣ የምታጠልሉት።

ከዚያ ማውጣቱ ይመጣል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ነው። ባክቴሪያው ከደለበ በኋላ ሰዓት አይሰጥም። ቶሎ አሲድ ጨምረው ካላስቆሙት የሠራውን ፕላስቲክ መልሶ ይበላዋል። ከዚያ ውኃው ይጨመቃል፣ ይደርቃል። ማድረቅ ሙቀት ይበላል። በመጨረሻ ፕላስቲኩን ከባክቴሪያው ሬሳ መለየት አለ። በኬሚካል አሟሙቶ፣ አጣርቶ፣ ኬሚካሉን መልሶ ሰብስቦ። እሳት የሚይዝ ፈሳሽ በብዛት ስለሚያዝ ግንባታው ራሱ ውድ ነው። ይሄ ክፍል ትልቅ ካልሆነ አያዋጣም። አንድ ጣቢያ ብቻውን የሚያወጣው ዝቃጭ ደግሞ አይሞላውም።

ነገ እቀጥላለሁ፤ ጠዋት ፈረቃ አለብኝ።

---

ቀጥታ_ጥያቄ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። መብራት ይበላል፣ ሙቀት ይበላል፣ ኬሚካል ይበላል ካላችሁ፣ አካባቢን ይጠቅማል የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? እኔ በ«አረንጓዴ» ስም የሚሸጥ ነገር ሰልችቶኛል። የጋሼ የዓምናው ፌስታልም በዚያው ስም ነው የተሸጠው።

---

የልጆች_እናት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኔ ደግሞ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከሽንት ቤት በወጣ ፕላስቲክ ዳቦ ልንይዝበት ነው? ንጽሕናውስ?

---

መምህርት_ጣና · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

@የልጆች_እናት፣ እህቴ፣ ጀርሙ አያሳስብሽ። በሙቀቱና በኬሚካሉ መሀል የሚተርፍ የለም። የሚያሳስበው በዓይን የማይታየው ነው። ፍሳሽ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት አለ፣ የሳሙናና የቀለም ኬሚካል አለ፣ ከባድ ብረቶች አሉ። ፕላስቲኩ በደንብ ካልጸዳ ትንሽ ትንሹ አብሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ምግብ የሚነካ ዕቃ እንዲሠራበት ቶሎ አይፈቀድም። እኔም ዳቦ አልይዝበትም። የችግኝ ማቀፊያ ግን ያለ ምንም ስጋት እገዛለሁ።

@ቀጥታ_ጥያቄ፣ ጥያቄህ የዚህ ሁሉ ልብ ነው። በሒሳብ ላሳይህ።

ያ አሲድ የሆነው ምግብ ሌላ ሥራም ይጠብቀዋል። ዝም ብትለው ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ሚቴን ይለውጡታል፤ ባዮጋዝ ማለት ነው። 1 ኪሎ ኦክስጅን የሚያህል ምግብ 0.35 ሜትር ኪዩብ ሚቴን ይሰጣል። እንግዲህ ከሮተርዳም ያለውን 1.67 ኪሎ ያዝ። 1 ኪሎ ፕላስቲክ ስትሠራ ቢያንስ 0.58 ሜትር ኪዩብ ሚቴን ትተሃል። ይሄ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ነው። ጄኔሬተር ውስጥ ብትከተው 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መብራት ይወጣዋል። በየጋኑ የሚባክነውን ስትጨምርበት ከዚያም ይበልጣል። እና «በነፃ» የተባለው ምግብ በነፃ አይደለም። ከባዮጋዙ ተቀንሶ ነው የመጣው።

ሁለተኛው የመብራቱ ምንጭ ነው። አየር መንፋት ብቻ በብዙ ማጣሪያ ጣቢያዎች ከመብራት ወጪው ግማሹን ይወስዳል። መብራቱ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ፣ የፕላስቲኩ ጥቅም ጋኑ ዳር ላይ ያልቃል። የእኛ አገር መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ስለሆነ ያው ፕላስቲክ እዚህ ቢሠራ የአየር ንብረት ጫናው ይቀንሳል። ሥራው አንድ ነው፣ ሒሳቡ ግን እንደ አገሩ ነው።

ሦስተኛው መለያው ኬሚካል ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚወደደው ክሎሮፎርም ነው፤ ንጹህ ፕላስቲክ ያወጣል። ግን ለሠራተኛውም ለአካባቢውም መርዝ ነው። ዳይሜቲል ካርቦኔት የሚባል ብዙም ጉዳት የሌለው አማራጭ አለ። ማን በምን እንዳወጣው ሳይነገርህ «ከፍሳሽ የተሠራ ስለሆነ ንጹህ ነው» ቢሉህ አትቀበል።

ይህም ሁሉ ሆኖ የፋሪዮ ጥናት ከዝቃጭ የሚሠራው ፒኤችኤ ገበያ ላይ ካለው ፒኤችኤ ጋር ሲነጻጸር የአካባቢ ጫናው በ70 በመቶ ያንሳል ብሎ ነው ያጠቃለለው። የሚታረስ መሬት የለም፣ ማዳበሪያ የለም፣ ሸንኮራ የለም። ልብ በል ግን፣ የተነጻጸረው ከስኳር ከሚሠራው ጋር ነው፤ ከተራው ፌስታል ጋር አይደለም።

---

ከኦክላንድ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ከባዮጋዙ ጋር መጣላት የሌለበት መንገድም አለ። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ እኔ ከምኖርበት ራቅ ብሎ ሬድዉድ ሲቲ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ የፍሳሽ ማጣሪያ ግቢ ውስጥ ማንጎ ማቴሪያልስ የሚባል ኩባንያ ሠርቷል። እነሱ አሲዱን አያስቆሙም። ሚቴን እስኪሆን ይጠብቁና ሚቴኑን የሚበላ ባክቴሪያ ያደልባሉ። ጥቅሙ ጋዙ ከዝቃጩ ጸድቶ የመጣ መሆኑ ነው። ከባዱ ነገር ደግሞ ሚቴን ውኃ ውስጥ በደንብ አለመሟሟቱ ነው። ከኦክስጅን ጋር አብሮ ስለሚገባም ፍንዳታ እንዳይመጣ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ልጄ ትምህርት ቤት ስለዚህ ስትሠራ አብሬያት አንብቤ ነው።

---

የአቃቂ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

እኔ ቃሊቲ አካባቢ ነኝ፣ ፍሳሽ ላይ ነው የምሠራው። ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር።

የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ ነው የተሠራው። መጀመሪያ አየር የሌለው ጋን ውስጥ ከታች ወደ ላይ ይገፋል፣ ከዚያ ድንጋይ በመሰለ ነገር ላይ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ጋን ሥራው መምህርት ያለችው ሚቴኑ ነው። ስለዚህ ከሮተርዳም ያለው ነገር እኛ ጋ ቢመጣ ጋኑን መሀል ላይ ማስቆም ሊሆን ነው። የተሠራው ለዚያ አይደለም። የኦክላንዱ ወንድሜ ያለው መንገድ ለእኛ ይቀርባል ባይ ነኝ።

ሌላው ዝቃጩ ነው። እኛ ጋ ዝቃጩ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። ከተማው ውስጥ ጋራዡም፣ የቆዳ ሥራውም፣ ማተሚያ ቤቱም ወደ ወንዙና ወደ ቱቦው የሚለቀው ነገር አለ። አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን የሚበቅልበትን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ብረት ዝቃጩ ውስጥም ይገባል። ከዝቃጩ ፕላስቲክ ከመሥራት በፊት ቱቦው ውስጥ የሚገባውን ማስተካከል ይቀድማል። ይሄንን ከልቤ ነው የምለው። በየቀኑ እዚያ የምንቆመው እኛ ነን።

---

ከሮተርዳም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡00

የአቃቂ ልጅ፣ ዝቃጩ በፀሐይ ይደርቃል ያልከው የነገሩ ቁልፍ ነው። ጋሼም ይህን ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ሆላንድ ውስጥ ዝቃጭ እርሻ ላይ መበተን ከቀረ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ይቃጠላል። እያንዳንዱ ጣቢያ ዝቃጩን አጓጉዞ ለሚያቃጥልለት በቶን ይከፍላል። ከማጣሪያ ወጪ ውስጥ ዝቃጭ ማስወገድ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ስለዚህ እዚህ ዝቃጭ ዋጋው ዜሮ አይደለም፤ ከዜሮ በታች ነው። ከ1 ቶን ደረቅ ዝቃጭ 400 ኪሎ ፕላስቲክ ቢወጣ፣ ፕላስቲኩን ከመሸጥ ሌላ የሚቃጠለው መቀነሱ ራሱ ገቢ ነው። የሆላንድ የውኃ ቦርዶች (ፍሳሽ ማጣሪያዎቹን የሚያስተዳድሩት የመንግሥት አካላት) ገንዘብ አዋጥተው እዚህ ነገር ውስጥ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ዶርድሬክት ላይ የማሳያ ተክሉን ያቆሙትም ዝቃጭ የሚቃጠልበት ግቢ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ያ ወጪ የለም። ፀሐይ አለ፣ ሜዳ አለ። ስለዚህ ከሆላንድ የመጣ የዋጋ ጥናት ተርጉሞ «እኛም ጋ ያዋጣል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ዝቃጩን ለማስወገድ አሁን ስንት ነው የምትከፍሉት ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «ትንሽ» ከሆነ ሒሳቡ ይፈርሳል።

ስለ ዋጋ ደግሞ በቁጥር። ተራው ፖሊኢትሊን በዓለም ገበያ በኪሎ 1 ዶላር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ፒኤችኤ 4 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው ሲሸጥ የኖረው። ይህን ልዩነት ለማጥበብ ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ሞክረዋል። የእንግሊዙ አይሲአይ በ1980ዎቹ ባዮፖል ብሎ ጀመረ፤ በ1990 ጀርመን ውስጥ የሻምፖ ጠርሙስ ሆኖ ወጣ። በኋላ ለሞንሳንቶ ተሸጠ፣ ከዚያ ለሜታቦሊክስ። ሜታቦሊክስ ኤዲኤም ከሚባለው የአሜሪካ የእህል ኩባንያ ጋር ሆኖ አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ክሊንተን ላይ በዓመት 50,000 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ሠራ። በ2012 ኤዲኤም ጥሎ ወጣ። ከካኖላ ዘይት የሚሠራው የአሜሪካው ዳኒመርም በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እነዚህ ሰዎች ሥራውን አያውቁም ማለት አይደለም። ፕላስቲኩም ጥሩ ነው። ከነዳጅ ከሚሠራ ፌስታል ጋር በኪሎ መወዳደር ነው ያቃታቸው።

ለዚህ ነው አሁን እዚህ ያሉት ወደ ሌላ ዕቃ ያዞሩት። መበስበሱ ራሱ ሥራ የሆነበት ዕቃ ማለቴ ነው። አፈር ውስጥ የሚቀር የችግኝ ማሰሪያ። ቀስ እያለ የሚለቅ የማዳበሪያ ሽፋን። ሲሰነጠቅ ራሱን የሚጠግን ኮንክሪት አለ፤ ውስጡ የተኙት ባክቴሪያዎች ስንቃቸው ይኸው ፒኤችኤ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ገዢው በኪሎ አይከራከርም።

---

ቀጥታ_ጥያቄ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡50

አሁን ገባኝ። አንድ ብቻ ላክል። ፌስታሉ ከዚህ ዕቃ ቢሠራና ረጲ ቆሻሻ መጣያ ቢደርስስ? ከታች ተቀብሮ አየር ሳያገኝ?

---

መምህርት_ጣና · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ይበሰብሳል፣ ግን አየር ስለሌለ የሚወጣው ሚቴን ነው። ሚቴን አየር ላይ ከተለቀቀ ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ያሞቃል። እዚያ ቦታ ተራው ፌስታል ለአየር ንብረት ያነሰ ይጎዳል፤ ዝም ብሎ ይቀመጣልና። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ተራው ፌስታል ላም ይገድላል፣ ቱቦ ይደፍናል፤ ይሄኛው በጊዜው ይጠፋል። ስለዚህ ፌስታሉ የት እንደሚወድቅ ሳታውቅ የትኛው ይሻላል ማለት አይቻልም።

---

ዲላ_ቡና · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

ሰላም። እኔ እሸት ቡና ማጠቢያ አለኝ፣ ጌዴኦ ውስጥ። ወንድሜ ከሮተርዳም «ፍሳሽ ቀጭን ነው» ሲል ነው ቀና ያልኩት። የእኛ ፍሳሽ ቀጭን አይደለም። ከፐልፐሩ (ከቡና መፈልፈያው ማሽን) የሚወጣው ውኃ እንደ ሽሮፕ ነው። በሁለት ቀን ይኮመጥጣል፣ ሽታው ሰው አያስጠጋም። ጉድጓድ ቆፍረን እናቆረዋለን፤ ዝናብ ሲጥል ሞልቶ ወንዝ ይገባል። ከታች ያሉት ሰዎች ውኃው ከብቶቻችንን አሳመመብን ብለው መጥተው ያውቃሉ። እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳውም።

የእኛ ውኃ ለዚህ አይሆንም ወይ?

---

ከሮተርዳም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

እህቴ፣ ከዚህ ክር ሁሉ ደስ ያለኝ ያንቺ ጥያቄ ነው። (አንቺ ማለቴን ይቅርታ፣ ከስምሽ አላወቅኩም።)

አዎ፣ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እንዲህ ያለ ፍሳሽ ነው። ቸኮሌት ፋብሪካው ላይ 70 በመቶ የመጣው ፍሳሹ ወፍራም፣ ስኳራም፣ ሽንት ቤት ያልተቀላቀለበት ስለሆነ ነው። ያንቺ ደግሞ በሁለት ቀን ይኮመጥጣል አልሽ። የመጀመሪያው ጋን ሥራ ያለ ማንም እርዳታ ጉድጓዱ ውስጥ እየተሠራልሽ ነው ማለት ነው። መድኃኒት የለበትም፣ የጋራዥ ዘይት የለበትም።

የሚከብደውንም ልንገርሽ። የቡና ውኃ መራራ የሚያደርጉት ነገሮች አሉት፤ ባክቴሪያውን ያዳክማሉ። ናይትሮጂን ጎደሎ ነው። ይሄ ለማድለቢያው ጥሩ ነው፣ ለመምረጫው ግን መጨመር አለበት። ትልቁ ችግር ግን ወቅቱ ነው። ስንት ወር ነው የምታጥቡት?

---

ዲላ_ቡና · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ጥሩ ዓመት ከሆነ ጥርም ይገባል። አንተ ማለቴ ካልከፋህ፣ አዎ እህት ነኝ።

---

ከሮተርዳም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

አልከፋኝም፣ እህቴ።

ሦስት ወር ሠርቶ ዘጠኝ ወር የሚቆም ጋን ዕዳውን አይከፍልም። ባክቴሪያውን መርጦ ለማረጋጋት ብቻ ሳምንታት ይሄዳሉ። ለአንድ ማጠቢያ ብቻውን አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ነገር ጎን መሆን አለበት። ቢራ ፋብሪካ፣ የወተት ፋብሪካ፣ የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ። ዋናው ምግብ እነሱ ሆነው ያንቺ በወቅቱ ሲመጣ ይታከላል። ጎረቤትሽ ያሉት ማጠቢያዎች ገለባውንና ውኃውን አንድ ላይ ለባዮጋዝ ቢያውሉት ግን ከዛሬ ጀምሮ የሚሆን ነገር ነው፤ ከወንዙ ያለያያችኋል። ፕላስቲኩ ቢመጣም ባይመጣም ወንዙ አይጠብቅም። እኔ ብሆን ከዚያ ነበር የምጀምረው።

---

ላስቲክ_ቤት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ሁላችሁንም ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነበብኳችሁ። እድሜ ይስጣችሁ።

የገባኝን ልበል፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ይሄ ዕቃ ነገ መጥቶ ፌስታሌን አይተካም። አራት እጥፍ ከፍዬ ገዝቼ ፌስታል ብሠራ ሱቁ አይገዛኝም። ቢገዛኝም መጨረሻው ረጲ ከሆነ ሚቴን ነው። እኔ ግን የችግኝ ማቀፊያ የተባለውን ነገር ልቤ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በየክረምቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ በጥቁር ላስቲክ ተይዞ ይወጣል። የሚተክለው ሰው ላስቲኩን ቀዶ እዚያው ይጥለዋል፤ ወይም ሳይቀድ ይቀብረዋል፣ ሥሩ ይታነቃል። ያ ላስቲክ ተመልሶ ሲሰበሰብ አይቼ አላውቅም። እዚያ ቦታ መበስበሱ ራሱ ሥራ ነው፣ ከሮተርዳም እንዳለው። የእኔ ማሽን ያንን ቱቦ መንፋት ይችላል።

ከሮተርዳም፣ ይህ ዕቃ በእኔ ማሽን ይሄዳል ወይ? ሙቀቱስ?

---

ከሮተርዳም · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ጋሼ፣ የችግኙን ነገር ያሰቡት በጣም ትክክል ነው። ማሽኑ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፒኤችኤ የሚቀልጥበትና የሚበላሽበት ሙቀት በጣም ይቀራረባሉ። ፖሊኢትሊን ትንሽ ቢሞቅ ይታገሳል፤ ይሄ አይታገስም፣ ሰንሰለቱ ተቆርጦ ይሰባበራል። ብቻውን ፊልም ለመንፋትም ድርቅ ይላል፣ ከሌላ የሚበሰብስ ዕቃ ጋር ይደባለቃል። ከመጫንዎ በፊት ጥሬ ዕቃውን ደህና አድርገው ያድርቁት። በትንሹ፣ በ5 ኪሎ ይጀምሩ። «ይበሰብሳል» የሚል ሻጭ ሲመጣ ደግሞ በየትኛው አፈር፣ በስንት ወር፣ ማን ለክቶት እንደሆነ ወረቀት ይጠይቁ። ከዚያ የዓምናውን ዘዴዎን ይድገሙት፤ ጓሮ ይቅበሩት። እሱን የሚበልጥ ፈተና የለም።

---

የአቃቂ_ልጅ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ጋሼ፣ ሲቀብሩ አንዱን ደረቅ አፈር፣ አንዱን ፍግ ያለበት አፈር ውስጥ ያድርጉት። ቅዳሜ ደግሞ ግማሽ ቀን ነኝ። ዝቃጩ ሲሰጣ በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ቃሊቲ መናኸሪያ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እጠብቅዎታለሁ። ቦቲ ጫማ ይዘው ይምጡ፣ ጭቃ ነው።

---

ላስቲክ_ቤት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡52

እመጣለሁ። የማሽን ሠራተኛዬንም ይዤው እመጣለሁ።